ከእርሾ የወጣው ፊደል፤ የሮበርት ሆሊ የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታትና የጦር አበጋዞች ናቸው። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ የአንድ ዝነኛ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ የመረጥሁት፣ ጦር ያልመራ፣ አገር ያላቀና፣ የዕድሜውን ትልቁን ክፍል በብርጭቆ ብልቃጦች መካከል ያሳለፈ አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ስሙ ሮበርት ሆሊ ይባላል። በ1968 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ከተቀበሉት ሊቃውንት አንዱ ነበር፤ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እርሱን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ብዙ የደከመበት ነገር የተገኘው ከእርሾ መሆኑ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባለው ገጠር እርሾ የሌለበት ቤት አይገኝም። እናቶቻችን የጤፍ ሊጥ ሲያቦኩ ከፊተኛው ቡኮ የተረፈውን እርሾ ይጨምሩበታል፤ ሊጡም ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይነሣል። በእርሾው ውስጥ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። ሆሊ የተጠቀመበት የዳቦ እርሾ ከእናቴ ጋን ካለው እርሾ ጋር አንድ ባይሆንም፣ ሁለቱም በዝምታ የሚሠሩ ናቸውና ታሪኩን ሳነብ እንግዳ አልሆነብኝም። ሁለተኛው ምክንያት የራሴን ጥፋት የሚነካ ስለ ሆነ በቦታው እመለስበታለሁ።

ሮበርት ሆሊ በጃንዋሪ 28 ቀን 1922 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ክፍለ አገር፣ ኧርባና በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም በማስተማር ሥራ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ እርሱ ከአራት ወንዶች ልጆቻቸው አንዱ ነበር። በልጅነቱ በኢሊኖይ፣ በካሊፎርኒያና በአይዳሆ ተምሮ በ1938 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በተወለደባት ከተማ ፈጸመ። ከዚያም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንቶ በ1942 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቀጥሎም ኒው ዮርክ ክፍለ አገር ወደሚገኘው ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበርና ትምህርቱን አቋርጦ ከ1944 እስከ 1946 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ኮሌጅ፣ ፔኒሲሊንን ለመጀመሪያ ጊዜ በኬሚስትሪ ዘዴ ከሠሩት ሰዎች ጋር አብሮ ሠራ። የዶክተርነት ማዕርጉን የተቀበለው በ1947 ዓ.ም. ነው። በ1945 ዓ.ም. አን ድዎርኪን የምትባል የኬሚስትሪና የሒሳብ ሰው አግብቶ አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

በ1948 ዓ.ም. ሆሊ ወደ ኮርኔል ተመልሶ፣ ዩኒቨርሲቲው ጄኔቫ በምትባል የአሜሪካ ከተማ በነበረው የእርሻ ምርምር ጣቢያ መምህር ሆነ። በ1955 ዓ.ም. አንድ ዓመት ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ የሕይወቱ አቅጣጫ የተለወጠው በዚያ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት የሚጨነቁበት አንድ ጥያቄ ነበረ፤ ይኸውም ሕያው አካል ፕሮቲንን እንዴት ይሠራል የሚል ነው።

ጡንቻችን፣ ጠጕራችን፣ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚያመላልሰው ቀይ ነገር ፕሮቲን መሆኑን በባዮሎጂ ተምረናል። ፕሮቲን እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በተራ እየተሰካ የሚሠራ ነው፤ ዶቃዎቹም አሚኖ አሲድ ይባላሉ፤ ዓይነታቸው ሃያ ነው። በምን ተራ እንደሚሰኩ የሚያዝዘው ቃል በዲ ኤን ኤ ተጽፎ በሴሉ አስኳል ውስጥ ይቀመጣል። ግልባጩም አር ኤን ኤ በሚባል ክር ተገልብጦ ወደ መሥሪያው ቦታ ይላካል። ነገር ግን የትእዛዙ ፊደልና ዶቃው በቀጥታ አይተዋወቁም። ስለዚህ በመካከል እንደ አስተርጓሚ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ትእዛዙን የሚያነብ፣ በሌላ እጁ ተገቢውን ዶቃ የሚያቀብል ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ሊቅ ፍራንሲስ ክሪክ እንዲህ ያለ አስተርጓሚ ሳይኖር አይቀርም ሲል በ1955 ዓ.ም. ሐሳብ አቀረበ። ጥቂት ቈይቶም አሜሪካውያኑ ሆግላንድና ዛሜክኒክ በሥራ አገኙት። አስተርጓሚው ራሱ አጭር የአር ኤን ኤ ክር ነበር፤ እኛ አመላላሽ አር ኤን ኤ ብንለው ይስማማዋል። ታዲያ አንድ ቀጭን ክር ሁለት እጅ እንዴት ሊኖረው ይችላል? መልኩስ ምን ይመስላል? ሆሊ ከካሊፎርኒያ ሲመለስ ዕድሜውን ሊሰጥበት የቈረጠው ጥያቄ ይህ ነበር።

ሥራው በሦስት ደረጃ የሚከፈል ነው፤ ማጥራት፣ ማንበብና እጥፋቱን ማወቅ።

ማጥራቱ ብቻውን ዓመታት ፈጀ። በሴል ውስጥ ያሉት አመላላሾች ብዙ ዓይነት ከመሆናቸውም በላይ በመጠንና በጠባይ እጅግ ይመሳሰላሉ። ሆሊ ከእነርሱ መካከል አላኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ የሚሸከመውን አንዱን ብቻ ለይቶ ማውጣት ነበረበት። ከረዳቶቹ ጋር 140 ኪሎ ግራም፣ ማለት አንድ ኩንታል ከአርባ ኪሎ የዳቦ እርሾ ወስዶ፣ ከዚያ ውስጥ 200 ግራም ያህል ድብልቅ አመላላሽ አወጣ። ድብልቁን የማይዋሐዱ ሁለት ፈሳሾች ባሉባቸው፣ በተራ በተደረደሩ ብዙ የብርጭቆ ቱቦዎች ውስጥ ደጋግሞ አሳለፈ። አንዱ ዓይነት ወደ ላይኛው ፈሳሽ፣ ሌላው ወደ ታችኛው በጥቂት በጥቂቱ እያደላ፣ ስንዴ ከእንክርዳድ እንደሚለይ ሁሉ ቀስ በቀስ ተለያየ። በመጨረሻ ለንባቡ ሥራ የተገኘው ንጹሕ የአላኒን አመላላሽ በድምሩ አንድ ግራም ነበር። አንድ ግራም ማለት በሁለት ጣት የሚቈነጠር ጨው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ንባቡ መጣ። የአር ኤን ኤ ፊደላት በዋናነት አራት ሲሆኑ ኤ፣ ጂ፣ ሲ፣ ዩ ተብለው ይጠራሉ። ክሩ ግን እንደ መጽሐፍ በዓይን አይነበብም። ስለዚህ በኤንዛይም መቈራረጥና ቍርጥራጩን መርምሮ እንደ ገና መገጣጠም ያስፈልጋል። ዘዴውን በራሳችን ከተማ ስም ላስረዳ። አንድ ሰው ደብረ ማርቆስ የሚለውን ስም በሁለት ወረቀት ጽፎ ቀደደው እንበል። ከአንደኛው ወረቀት ደብ፣ ረማር፣ ቆስ የሚሉ ቁራጮች ቢገኙ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም አይታወቅም። ሁለተኛው ወረቀት በሌላ ቦታ ተቀድዶ ደብረማ እና ርቆስ የሚሉትን ቢሰጠን ግን፣ ደብ ከረማር በፊት፣ ቆስም ከረማር በኋላ መሆኑን እናውቃለን። ሆሊም ያደረገው ይህንኑ ነው። አንደኛው ኤንዛይም ጂ ካለበት ቦታ ኋላ ይቈርጣል፤ ሁለተኛው ሲና ዩ ካሉበት ኋላ ይቈርጣል። የሁለቱን ቍርጥራጭ እያስተያየ ተራውን ያቃና ጀመር።

ይሁን እንጂ ትንንሾቹ ቍርጥራጮች እየተመሳሰሉ አስቸገሩ። መንገዱን ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ሮበርት ፔንስዊክ የተባለው የሥራ ባልደረባው ነው። ፔንስዊክ ፈሳሹን እስከ ዜሮ ዲግሪ አቀዝቅዞ፣ ማግኒዝየም ባለበት፣ ኤንዛይሙን ለአጭር ጊዜ ብቻ ቢጨምርበት ክሩ በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ብቻ እንደሚቈረጥ አገኘ። ኤንዛይሙ ሊቈርጣቸው የሚችላቸው ብዙ ቦታዎች ሳሉ አንዱን ብቻ ለምን መረጠ? ክሩ ተዘርግቶ የተቀመጠ ሳይሆን ተጣጥፎ የተቀመጠ ስለ ነበረ ነው። ሌሎቹ ቦታዎች በእጥፋቱ ውስጥ ተሸሽገው፣ አንዱ ግን ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። እንግዲህ እጥፋቱ ገና ሳይታወቅ ንባቡን ረዳ ማለት ነው።

በማርች 1965 ዓ.ም. ሆሊና ሰባት የሥራ ባልደረቦቹ ሙሉውን ተራ አሳተሙ። ፊደላቱ 77 ነበሩ። የአንድ ኑክሊክ አሲድ የፊደል ተራ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ በዓለም ይህ የመጀመሪያው ነው። በግምት ይገኝ ነበር የሚል ቢኖር፣ አራት ፊደል በ77 ቦታ ሊደረደር የሚችልበት የስልት ብዛት ሲጻፍ 47 አኃዝ ያለው ቁጥር መሆኑን በሒሳብ ደብተሩ ላይ ይሞክረው።

አሁን ወደ እጥፋቱ እንምጣ። እናቴ ጥጥ ስትፈትል አይቻለሁ። ፈትሉ ከርሮ ሳለ እጇን ላላ ያደረገች እንደ ሆነ ክሩ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ ይተጣጠፋል። የአር ኤን ኤ ክርም በራሱ ላይ ይታጠፋል፤ የሚያጥፈው ግን መክረሩ ሳይሆን የፊደላቱ መፈላለግ ነው። ጂ ሲን ይፈልጋል፤ ኤ ዩን ይፈልጋል። ጂና ሲ ሲገናኙ በሦስት የሃይድሮጅን ማሰሪያ፣ ኤና ዩ በሁለት ይያያዛሉ። ስለዚህ በክሩ ላይ ተራርቀው የሚገኙ ፊደላት ክሩን አጥፈው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ጥንዶቹም እንደ መሰላል ርካብ እየተደራረቡ እጥፋቱን ያጠነክሩታል። በአንጻሩ የክሩ ጀርባ በሙሉ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላለው አንዱ ክፍል ሌላውን ይገፋል። ይህን ጠብ የሚያበርደው አዎንታዊ ሙላት ያለው ማግኒዝየም ነው። ክሩ ሲሞቅ ማሰሪያዎቹ ይፈታሉ፤ እንደሚገባ ሲቀዘቅዝ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይታጠፋል። ቅርጹን የሚወስነው የመግፋትና የመሳብ ሚዛን ነው።

ይህን ሳነብ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩት አያቴ ትዝ አሉኝ። በእኛ በጎጃም ቅኔ ሲዘረፍ፣ ቃሉን በተራ ብቻ የሰማ ሰው ሰሙን ይዞ እንደሚቀር፣ ወርቁ የሚገኘው ግን በመጀመሪያ የተነገረውን ከኋለኛው ጋር አገናኝቶ ለሚያስብ መሆኑን እርሳቸው ደጋግመው ነግረውኛል። ከ77ቱ ፊደላትም ተራቸው ሰም ቢሆን እጥፋታቸው ወርቅ ነው። አስተርጓሚው ሁለት እጅ የሚኖረው ሲታጠፍ ብቻ ነውና።

ፊደላቱ ከታወቁ ዘንድ እንዴት እንደሚታጠፉ መሣል ቀረ። እዚህ ላይ ሆሊ ያደረገው ነገር ነው ልቤን የነካው። ጥንዶቹ ሊገጥሙ የሚችሉበት መንገድ ከአንድ በላይ ሆነ። ሆሊም አንዱን መርጦ እውነቱ ይህ ነው አላለም። በዚያው ጽሑፍ ሦስት ልዩ ልዩ ሥዕል አስቀምጦ ፍርዱን ለወደፊት ሥራ ተወው። ከሦስቱ አንዱ፣ ኤልዛቤት ኬለርና ፔንስዊክ ያሰቡት፣ እንደ ማገጦ ቅጠል ሦስት ጆሮና አንድ ግንድ ያለው ሥዕል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1966 የሌሎች አመላላሾች የፊደል ተራ በአሜሪካና በጀርመን ሲነበብ፣ ሁሉም ያለ ችግር የታጠፉት በቅጠሉ ሥዕል ሆነ። ሁለቱ ሥዕሎች ወደቁ፤ ሆሊ ግን አልወደቀም፤ ከማያውቀው በላይ አልተናገረምና።

የራሴን ነገር አሁን ልናገር። ባለፈው ዓመት አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ አሲድን በቤዝ እያስተካከልን መጠኑን እንድንለካ በቤተ ሙከራ ታዝዘን ነበር። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቱም ተለያዩ። እኔም እንዳላፍር ብዬ አንዱን ቁጥር ብቻ ሦስት ጊዜ ደግሜ ጻፍሁና ሙሉ ማርክ ተቀበልሁ። በአጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ የተለያዩትን ቁጥሮች እንዳገኛቸው ስለ ጻፈ ማርኩ ከእኔ አነሰ። ከዚያም እንዴት እንዲህ አጥርቼ ልለካ እንደ ቻልሁ ጠየቀኝ። እኔም እጅን አለማንቀጥቀጥ ነው ብዬ መከርሁት። ስለ ሦስቱ ሥዕሎች ባነበብሁበት ምሽት የታሰበኝ ይህ ምክር ነው። የኖቤል ተሸላሚ ሦስት ሥዕል አስቀምጦ አላውቅም ለማለት ያላፈረውን፣ እኔ ለጥቂት ማርክ አፈርሁ።

በ1968 ዓ.ም. ሆሊ የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ከሃር ጎቢንድ ኮራናና ከማርሻል ኒረንበርግ ጋር ተካፈለ። ኮራና የተወለደው በፑንጃብ፣ መቶ ያህል ሰዎች በሚኖሩባት ትንሽ መንደር ሲሆን፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው ከሞላ ጐደል የእርሱ ቤተ ሰብ ብቻ ነበር። ከገጠር መጥተን በኪራይ ቤት ለምንማር ሁሉ ይህ ሊታወስ የሚገባው ነው። ሆሊም በሽልማቱ ንግግር የረዳቶቹን ድርሻ ከነስማቸው ገልጿል።

የእርሱ ሥራ በሌሎች እጅ እየሰፋ ሄደ። በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካና በእንግሊዝ የነበሩ ሁለት ቡድኖች የሌላ እርሾ አመላላሽን ክሪስታል በኤክስ ሬይ መርምረው ሙሉ ቅርጹን አወቁ። ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሆኖ አይቀርም፤ ሁለቱ ጆሮዎች ተገናኝተው እንደ ገና ይታጠፉና የእኛን የገ ፊደል የመሰለ ማዕዘን ይሠራሉ። በአንደኛው ጫፍ ትእዛዙ ይነበባል፤ በሌላው ጫፍ አሚኖ አሲዱ ይንጠለጠላል። ሁለቱ እጆች እነዚህ ናቸው! በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የባክቴሪያውን የአላኒን አመላላሽ ኤንዛይሙ የሚለየው በግንዱ ላይ ባለች በአንዲት የጂና የዩ ጥንድ መሆኑ ታወቀ። እንዲህ ያለችው ጥንድ በሆሊም ክር ላይ አለች። እንደዚሁም ከ77ቱ ፊደላት መካከል ሱዶዩሪዲን የሚባል ያልተለመደ ፊደል ነበረ። ከዚህ ፊደል ጋር ዝምድና ያለው ሌላ ፊደል ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጡት የኮቪድ የአር ኤን ኤ ክትባቶች ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው አገለገለ፤ ለዚህ መንገድ የከፈቱት ካሪኮና ዋይስማንም በ2023 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሆሊ ግን ሽልማቱን ካገኘ በኋላ በዚያው ሥራ ላይ ተቀምጦ ዝናውን አልበላም። በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ወደ ሳልክ የምርምር ተቋም ተዛውሮ፣ ሴሎች እንዲያድጉና ማደጋቸውን እንዲያቆሙ የሚያደርጋቸው ምን እንደ ሆነ ይመረምር ጀመር። በዕረፍቱ ጊዜ ተራራ መውጣት ይወድ ነበር፤ ከነሐስም ምስል ይቀርጽ ነበር። ዕድሜውን የቅርጽን ነገር ሲመረምር የኖረ ሰው በእጁም ቅርጽ መሥራቱ አያስገርምም። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1993 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሎስ ጋቶስ ከተማ በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ዕውቀት ፊደልን መቍጠር ብቻ አይደለም፤ አንዱን ከሌላው ጋር አገናኝቶ ቅርጹን ማየት ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ግራም ለማግኘት 140 ኪሎ ያነጠረ ሰው እንኳ ያላረጋገጠውን እንዳረጋገጠ አድርጎ አልጻፈም።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ከመስጠቴ በፊት ወደ ኬሚስትሪ መምህሬ ሄጄ ያለፈውን ዓመት ነገር ነገርኋቸው። መምህሬም ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ ልኬቱን እንደ ገና እንድሠራ አዘዙኝ። ጓደኛዬንም ይቅርታ ጠይቄ አብረን ገባን። እጄን ሳላንቀጠቅጥ ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ 18.4፣ 18.9 እና 18.6 ሚሊ ሊትር ሆነ። ሦስቱንም ጻፍኋቸው።